የሠርግ ቀን የፎቶግራፍ የጊዜ ሰሌዳ፤ ከጋሸና እስከ ላሊበላ



ድልድይ ሲሠራ ኮንክሪቱ የሚጠነክርበት ጊዜ በማንም ትእዛዝ አይፋጠንም፤ ሌላው ሥራ ሁሉ ለእርሱ ይገዛል። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ መሐንዲስ ግን እኅቱን በሚድርበት ቀን የፎቶግራፉን ሰዓት ለአጋጣሚ ሲተወው ይታያል። ሠርጉ አልፎ አልበሙ ሲገለጥ፣ ሙሽሮቹ በመኪናና በዛፍ ሥር የተነሡት በብዛት ይገኛል፤ ጉልበታቸውን ስመው ምርቃት የተቀበሉባቸው አያት ግን በአንዱም ላይ ሳይታዩ ይቀራሉ። ሌላውን ሁሉ በሌላ ቀን ማንሣት ይቻላል፤ የአያቲቱን ምርቃት ግን መድገም አይቻልም።

ለምሳሌ ያህል ሙሽራው የጋሸና፣ ሙሽሪት የላሊበላ ልጅ ናቸው እንበል። ጋሸና ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ የላሊበላው መንገድ የሚገነጠልባት የደጋ ከተማ ናት። ከዚያ እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መንገዱ ተራራማና ጠመዝማዛ በመሆኑ ለሠርገኛ መኪኖች ከ2 ሰዓት ያነሰ መመደብ አይገባም።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዱፖንትና የሬሚንግተን ራንድ ኩባንያዎች ባለሙያዎች ያወጡት የሥራ ዕቅድ ስልት፣ ቢዘገይ ጠቅላላውን ሥራ የሚያዘገየው ተግባር የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መለየትን ያስተምራል። በሠርግ ቀን ፎቶግራፍ አንሺውን የማይጠብቁት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ፀሐይ፣ ሁለተኛው ምርቃት ነው። ተክሊል ያለ እንደሆነ ደግሞ ሰሌዳው በቅዳሴው ይገዛል፤ ካሜራው የት እንደሚቆምም የሚወስኑት ካህናቱ ናቸው።

ከጥምቀት በኋላ፣ ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር፣ በላስታ ፀሐይ ከጠዋቱ 12፡50 ገደማ ትወጣለች፤ በ6፡35 ገደማ ከፍታዋ ላይ ትደርሳለች፤ ከምሽቱ 12፡20 ገደማ ትጠልቃለች። ተራራ በሚጋርደው ስፍራ ግን ብርሃኑ ከዚህ ቀድሞ ይሄዳል። በቀትር የሚነሣ ሰው ዓይኑ በጥላ ይሸፈናል፤ የሐበሻ ቀሚሱና የነጠላው ንጣትም ጥለቱንና ጥልፉን ውጦ ያስቀረዋል። ብርሃኑ ለፊትም ለልብስም የሚመቸው በማለዳና ወደ ማታ ነው።

ስለዚህ ሰሌዳው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተቆጥሮ ይዘጋጃል። የሁለቱ ቤተ ዘመድ ፎቶግራፍ በጋሸና ከ10፡30 እስከ 11፡30 ይነሣ ዘንድ፣ ሠርገኛው በ10 ሰዓት መድረስ አለበት። 2 ሰዓት ለጉዞ፣ ግማሽ ሰዓት ለመጠባበቂያ ሲቀነስ፣ ከላሊበላ መነሻው 7፡30 ይሆናል። የሙሽሪት ወላጆች ምርቃት በ6፡30 ሊጀመር ይገባል፤ ምሳውና የበር ላይ ጨዋታው ከዚያ በፊት ያልቃሉ። ሙሽራው ላሊበላ በ4 ሰዓት እንዲገባ ከጋሸና በ2 ሰዓት ይነሣል። የእርሱ ወላጆች ምርቃትም ከ1 ሰዓት ጀምሮ በማለዳው ብርሃን ይከናወናል።

የሙሽሪት ወላጆች ምርቃት በቀትር ስለሚውል መቀመጫቸው በዳሱ አፍ ላይ፣ ከጥላው ውስጥ፣ ፊታቸው ወደ ውጭ ሆኖ ይዘጋጅ። ዳሱ በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነ ከሆነ የሁሉም ፊት ሰማያዊ መስሎ ይወጣልና ይህም ቀደም ብሎ ይታሰብበት።

እዚህ ላይ የታወቀ ፈተና ይመጣል። ሙሽሮቹ ላሊበላ ድረስ መጥተው ቤተ ጊዮርጊስ አጠገብ ሳይነሡ እንዴት ይመለሳሉ የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ከአለት የተፈለፈለ በመሆኑ በቀትር ከፊሉ ብርሃን፣ ከፊሉ ጥልቅ ጥላ ነው፤ ፈቃድ መጠየቅም ጊዜ ይወስዳል። በዚያ የሚጠፋው አንድ ሰዓት የሚቀነሰው በጋሸና ከሚጠብቁት አረጋውያን ሰዓት ላይ ነው። መልሱ ያለው በራሱ በባሕሉ ውስጥ ነው፤ ሙሽሮቹ ለመልስ ወደ ሙሽሪት ወላጆች ቤት ሲመለሱ፣ በተረጋጋ ቀንና በማለዳ ሊነሡ ይችላሉ።

ሰሌዳውን የሚያስከብር አንድ ሚዜ ይመደብ፤ በእጁም ሁለቱ እናቶች ያስጻፉት የስም ዝርዝር ይኑር። ቅድሚያ የሚነሡት አረጋውያን ናቸው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጋሸና ብርድ ብዙ አያስቀምጣቸውምና። ወጣቶቹ መጨረሻ ይነሣሉ። ብርድ የካሜራን ባትሪ ቶሎ ስለሚያደክም መለዋወጫው በኪስ ሙቀት ይያዝ፤ የመንገዱም ደኅንነት በዋዜማው ይጣራ።

በመጨረሻም ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላ ስለሚቆይበት ሁኔታ ማሰብ ግዴታ ነው። ጋሸናና አካባቢዋ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የጦርነት ቀጠና ነበሩ። ቤት ሲዘረፍ ዕቃ ይተካል፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የእናት ምስል ግን አይተካም። መሐንዲስ የአንድ ሕንፃን ክብደት በአንድ ምሰሶ ላይ እንደማይጥል ሁሉ፣ የቤተሰብም መታሰቢያ በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥም። ሥዕሎቹ በወረቀት ታትመው በሁለቱም ወገን ቤት ይኑሩ፤ ሌላ ቅጂም ራቅ ባለ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

የሠርጉ ቀን ፀሐይ 12፡20 ላይ ትጠልቃለች። ከዚያ በፊት አያቲቱ በወንበራቸው ተቀምጠው፣ ሙሽሮቹ በግራና በቀኝ ተንበርክከው ከተነሡ፣ ሰሌዳው ሥራውን ፈጽሟል፤ የቀረው ሰዓት የጭፈራው ነው።