ዘንቢልና ጋሪ፦ ስለ አስቤዛ፣ ስለ ሸክምና ስለ ምርጫ

(በባሕር ዳር ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ለአንዳንዶቻችሁ ከዚህ መድረክ ክብር ያነሰ ሊመስል ይችላል። ስለ ዕቃ መያዣ ልናገር ነው የመጣሁት። አንድ ሸማች አስቤዛ ሊገዛ ሲወጣ ቅርጫት ያንጠለጥላል ወይስ ጋሪ ይገፋል? ጥያቄዬ ይኸው ነው። ትንሽ ጥያቄ ናት፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ደጋግመን የምንመልሳት፣ መመለሳችንን ግን ልብ የማንላት ጥያቄ ናት። ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እኛ ገንዘባችንን ከመቁጠራችን በፊት መያዣው ቀድሞ ይቆጥርልናል። አንዳንዱ መያዣ ደግሞ ቆጥሮ ይነግረናል፤ አንዳንዱ ቆጥሮ ይደብቀናል።

ከራሴ ልጀምር። ያደግሁት በዚሁ በባሕር ዳር ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ እኔ ከኋላዋ እከተል ነበር። የእናቴ ዘንቢል ሕግ ነበረው። ድንችና ሽንኩርት ከታች ይገባሉ፤ በላያቸው ምስሩና ሽሮው በየከረጢቱ ይደረደራል፤ ቲማቲም ከላይ ይቀመጣል፤ በመጨረሻ ድንብላሉና በሶብላው ጫፉን አልብሶ ይታያል። ይህን ሥርዓት ለመጠበቅ ገበያውን የምትዞረው በቅደም ተከተል ነው። ቲማቲም የቱንም ያህል ቢያምር ድንቹ ሳይገባ አይገዛም፤ ይጨፈለቃላ! በልጅነቴ ይህ ስለ ቲማቲም የሚደረግ ጥንቃቄ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ዘንቢሉ እናቴን በጀት ያስይዛት ነበር። ከባዱና ቤት የሚያቆመው ነገር ቀድሞ ይገባል፤ የሚያስጎመጀው በተረፈው ቦታና በተረፈው ሳንቲም ይስተናገዳል።

ሻጮቹም ዘንቢል ማንበብ ያውቁ ነበር። ካደግሁ በኋላ ብቻዬን ሄጄ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እናት ዘንቢሌን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ልጄ፣ ገና አላገባህም አይደል?» ብለውኛል። «እንዴት አወቁ እማማ?» ስላቸው፣ «ይቺ ዘንቢል አንድ ሰው ነው የምታበላ» አሉኝ። ትክክል ነበሩ።

አሁን ደግሞ ከገበያው ወደ ሐይቁ ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም የመያዣና የልክ ጉዳይ በጣና ዳርቻ ከዘንቢል በፊትም ይታወቃል። በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለውን የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዘጌ በጥንታዊ ልማዱ በበሬ አይታረስበትም፤ የቀንድ ከብትም አይረባበትም። ልማዱ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ተያይዞ ይነገራል። ኑሮው በደን ውስጥ በሚበቅለው ቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የዘጌ ሰው ከጥንት ጀምሮ እህሉን የሚሸምት ሰው ነው፤ የእርሻ ጎተራ ሳይኖረው ገበያ እየወጣ ያለውን ሸጦ የሌለውን ገዝቶ ይመለሳል።

ሸቀጡን በሐይቁ ላይ ሲያመላልስ የኖረው ታንኳ ነው። ከደንገል የሚሠራው ይህ ታንኳ፣ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በተለይ የሚታወቅበት ጥበብ፣ የማገዶ እንጨት ተከምሮበት ወደ ከተማችን ዳርቻ ሲቀርብ አይታችሁት ይሆናል። ቀዛፊው ሚዛን የለውም። ነገር ግን ጭነቱ በበዛ ቁጥር ታንኳው ወደ ውሃው ዝቅ ይላል፤ ደንገሉም ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ቀዛፊው ልኩን የሚያውቀው ገና ከዳርቻው ሳይርቅ፣ ለማራገፍ ጊዜ እያለው ነው። ታንኳም እንደ ዘንቢል ቆጥሮ የሚናገር መያዣ ነው። ዘንቢል በክንዳችን ይናገራል፤ ታንኳ በውሃው ልክ ይናገራል።

ጋሪስ? እዚህ ላይ የማወራው እህል ስለሚጓዝበት የፈረስ ጋሪ ሳይሆን በሱፐርማርኬት ለስላሳ ወለል ላይ ስለምንገፋው፣ አንዳንዶች ትሮሊ ስለሚሉት ባለ ጎማ ጋሪ ነው። ታሪኩ የሚነግረን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ ደንበኞች ራሳቸው ከመደርደሪያ እያነሡ የሚገዙበትን ፒግሊ ዊግሊ የተሰኘ መደብር ከፈተ። ከዚያ በፊት ሸማቹ ከባንኮኒው ፊት ቆሞ «ይህን ስጠኝ» ይል ነበር፤ የእኛ የሰፈር ሱቅ ዛሬም እንደዚያው ነው። ሸማቹ ራሱ ማንሣት ሲጀምር የሚይዝበት ቅርጫት አስፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ በኦክላሆማ ሲቲ መደብሮች የነበሩት ሲልቫን ጎልድማን አንድ ነገር አስተዋለ፦ ደንበኞች ቅርጫታቸው ሲከብድ መግዛት ያቆማሉ። ኪሳቸው ባዶ ሆኖ አልነበረም፤ ክንዳቸው ስለደከመ ነበር። ከታጣፊ ወንበር ሐሳብ ወስዶ ሁለት ቅርጫት የሚሸከም ባለ ጎማ ጋሪ ሠራ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጋሪው የተፈጠረው ክንድ «በቃ» የሚለውን ቃል ለማዘግየት ነው። ይህን የምለው ጎልድማንን ለመክሰስ አይደለም። ነጋዴ ነበር፤ የነጋዴ ሥራ ሠራ። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ጎልድማን ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ሰዎች ጋሪውን መጀመሪያ ላይ አልፈለጉትም። ወንዶች ቅርጫት መሸከም ያቃታቸው ደካሞች እንዳይመስሉ ፈሩ፤ ሴቶች ደግሞ የሕፃን ጋሪ ገፍተን ሰልችቶናል አሉ። በመጨረሻ ሸማች መስለው ጋሪ የሚገፉ ሰዎች ቀጥሮ በመደብሩ ውስጥ እንዲዘዋወሩ አደረገ፤ ሌላው አይቶ ተከተለ። እዚያ ወንዱ ጋሪ መግፋት አሳፈረው፤ በእኛ አገር ደግሞ ወንዱን ያሳፈረው ዘንቢል ማንጠልጠል ነበር። እፍረቱ የተለያየ ቢመስልም በሁለቱም ቦታ መያዣው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ስምም ይሸከማል።

እኔም በስም ምክንያት ተዋርጃለሁ። የመጀመሪያ ደመወዜን በተቀበልሁበት ዓመት፣ በፋሲካ ዋዜማ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ገባሁ። በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ልመጣ ነው፤ እናቴ አምስት ሊትር ዘይት አዝዛኛለች። ቅርጫት ነበረ፤ ጋሪም ነበረ። ደመወዝተኛ መሆኔን የሚያሳየው ጋሪው ስለመሰለኝ እርሱን ገፋሁ። ጋሪው ሰፊ ስለሆነ ዘይቱ ብቻውን ታችኛው ጥግ ላይ ቀረና ባዶነቱ አሳፈረኝ፤ ሞላሁት። ብስኩት፣ ጭማቂ፣ የታሸገ ከረሜላ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ማርማላታ። ምንም አልከበደኝም። ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ስደርስ ግን ሒሳቡ በኪሴ ካለው በላይ ሆነ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ አለ። ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ የቱን ልቀንስልህ?» አለችኝ። ሰው እያየኝ ብስኩትና ከረሜላ አንድ በአንድ ከማስመለስ አንዱን ውድ ዕቃ አውጥቼ መገላገል መረጥሁ። ዘይቱን አስቀረሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ዕቃውን አየች፤ ምንም አላለችም። በበዓሉ ማግስት ቡና እያፈላች ግን፣ «ዘንቢል ይዘህ ብትሄድ ኖሮ መጀመሪያ የሚገባው ዘይቱ ነበር» አለችኝ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ገለጻ ከዚያች ዓረፍተ ነገር የወጣ ነው ብል አልዋሸሁም።

ነገር ግን ተመራማሪ የእናቱን ቃል እንኳ መመርመር አለበት። ቅርጫት ሁልጊዜ ጥበበኛ ያደርጋልን? አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቫን ደን በርግ፣ ሽሚትና ዋርሎፕ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ቅርጫት የያዙ ሸማቾች ጋሪ ከሚገፉት ይልቅ በክፍያ ቦታ አጠገብ ያሉትን ቸኮሌትና ጣፋጮች የመግዛት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። የሰጡት ማብራሪያ፣ ቅርጫት የያዘ ክንድ ወደ ራስ ይታጠፋል፤ ይህ ደግሞ ነገርን ወደ ራስ ከማቅረብና ወዲያው ከማግኘት ፍላጎት ጋር የተያያዘ ነው የሚል ነው። ቅርጫት የሚያነሣው ሰው ገና ሲገባ ለጥቂት ነገር የመጣ ችኩል ሸማች ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ለዚህም ሲሉ ተጨማሪ ሙከራዎችን በቤተ ሙከራ አካሂደዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ቅርጫቱ ብዛትን ይገታል እንጂ ምኞትን አይገታም። እናቴን የጠበቃት የዘንቢሉ ጥበት ብቻ ሳይሆን ድንቹ ከቲማቲሙ ይቅደም የሚለው ሥርዓቷ ጭምር ነበር።

ከዚህ የሚከብድ ሁለተኛ ተቃውሞም አለ። ዘንቢልን ሳወድስ ድህነትን እያወደስሁ እንዳይሆን እፈራለሁ። ብዙ ሰው ትንሽ መያዣ የሚይዘው መርጦ አይደለም። የዕለት ገቢ ያለው ሰው በዕለቱ ይገዛል፤ ዘይቱን በትንሽ ላስቲክ፣ ጤፉን በኪሎ፣ ቡናውን በስኒ። በጥቂቱ የሚገዛ ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ የበለጠ ይከፍላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ በወር 25 ኪሎ ጤፍ ይፈጃል እንበል። በኩንታል ከሚገዛው ጎረቤቱ ይልቅ በኪሎ 5 ብር አስበልጦ ቢገዛ በወር 125 ብር፣ በዓመት 1,500 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ የሚከፈለው ለጤፍ አይደለም፤ ኩንታል የሚገዛበት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ስላልተገኘ የሚከፈል ቅጣት ነው። ስለዚህ «ቁጠባን ከዘንቢል ተማሩ» ብዬ ብሰብክ፣ ከእኔ በላይ ቁጠባ የሚያውቁትን እናቶች መስደብ ይሆንብኛል።

ሸክሙን የሚሸከመው ማን እንደሆነም መርሳት የለብንም። የዘንቢል ልክ ክንድ ነው ስል የማን ክንድ? በአብዛኛው የሴት ነው። ወደ ከተማችን በየማለዳው እንጨት ተሸክመው የሚገቡትን እናቶች ያየ ሰው፣ ሸክም ስለሚሰጠው ጥበብ አፉን ሞልቶ ሊናገር አይችልም። ጎማ በረከት ነው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ በመሪው ላይ ዘንቢል አንጠልጥሎ የሚሄድ ወጣት ባየሁ ቁጥር ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ልኩ ሳይጠፋ ክብደቱ ከጀርባ ወርዷል፤ እፍረቱም አብሮ ወርዷል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛው ለየግላችን ነው። መያዣውን ከማንሣታችን በፊት ምን ልንገዛ እንደመጣን እንወቅ። የሚበላሸውንና የሚያስጎመጀውን በዘንቢል፣ የማይበላሸውንና ቤት የሚያቆመውን በጋሪ እንግዛ። ጋሪ ብንገፋም እንኳ ከባዱንና አስፈላጊውን ቀድመን እንጫን። በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ፌስታልን ስለሚከለክል፣ ዘንቢል ወደ እጃችን ለመመለስ ምክንያት አግኝቷል። ፌስታል በየሱቁ ስለሚሰጥ ቤታችንን ሳናስብ እንድንወጣ አስለምዶን ነበር፤ ዘንቢል ግን ከቤት ይነሣል፤ ከቤት የሚነሣ ዕቃ ደግሞ ባለቤቱን «ምን ጎደለ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ሁለተኛው የጋራ ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ይህን አባባል ስለ መተባበር ስንጠቅሰው ኖረናል፤ ስለ አስቤዛ ግን አስበነው አናውቅም። ብቻዋን ኩንታል መግዛት የማትችል እናት ከአራት ጎረቤቶቿ ጋር ትችላለች። እድሩና እቁቡ ያለን ሕዝብ ነን፤ የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራትም አሉን። አምስት ቤት ተዋጥቶ አንድ ኩንታል በጋሪ አስመጥቶ በየዘንቢሉ ቢከፋፈል፣ የጋሪውን ዋጋና የዘንቢሉን ልክ በአንድነት ያገኛል። ያ 1,500 ብር ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እናቴ ዛሬ ዘንቢሏን መሸከም አትችልም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄደው እኔ ነኝ። ስመለስ ከፍታ ታየዋለች። ዘይቱን ከታች ስታገኘው ምንም አትልም፤ እኔም ምንም አልል። ያ ዝምታ ግን እንደ ድሮው አይደለም።