በተከበበች ከተማ የተገዛ መሬት



ስለ እግዚአብሔር ተስፋ እንድናገር ስትጠሩኝ ቀድሞ ወደ ልቤ የመጣው አንድ የመሬት ሽያጭ ውል ነው። ንጉሥ ሴዴቅያስ በነገሠ በ10ኛው ዓመት የባቢሎን ጦር ኢየሩሳሌምን ከቧል። ነቢዩ ኤርምያስም ከተማይቱ ትወድቃለች በማለቱ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ አናምኤል እዚያው ድረስ መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ለመነው፤ የመቤዠት መብቱ የኤርምያስ ነበርና።

ያ መሬት በጠላት እጅ እንደሚገባ ከማንም በላይ የሚያውቀው ገዢው ራሱ ነው፤ ምርኮው እንደማይቀር ሲናገር የኖረው እርሱ ነው። ሆኖም ገዛው። 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ፤ ውሉን ፈረመ፣ አተመ፣ እማኝ አቆመ። የታተመውንና ያልታተመውን ቅጂ ለኔርያ ልጅ ለባሮክ አስረክቦ፣ ብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖራቸው አዘዘው። በዚያች ምድር ቤትና እርሻ ዳግመኛ እንደሚገዛ እግዚአብሔር ተናግሮ ነበር፤ ከዚህ ቃል በቀር ሌላ ዋስ አልነበረውም።

እኔን ዘወትር የሚይዘኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ጸሎት ነው። ኤርምያስ ግራ ተጋብቷል። የከበባው የአፈር ድልድል ቅጥሩን ተጠግቷል፣ ራብና ቸነፈር በርትቷል፤ ታዲያ መሬት ግዛ ማለትህ እንዴት ነው? እያለ በአምላኩ ፊት ይቆማል። በየጉባኤያችን የሚጠይቀውን ሰው እምነት እንደጎደለው ስንቆጥረው አዝናለሁ። ኤርምያስ ጠይቋል፤ የጠየቀው ግን ብሩን መዝኖ ከከፈለ በኋላ ነው።

አማርኛችን እግዚአብሔር የሰጠውን ቃልም፣ እኛ የምንጠብቀውንም በአንድ ስም «ተስፋ» ይላል። ሰጪውና ጠባቂው በአንድ ቃል መገናኘታቸው ደስ ያሰኘኛል።

በዚያው ከበባ መኳንንቱ ኤርምያስን ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ጣሉት። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ንጉሡን ደፍሮ ተናገረ፤ ነቢዩን በገመድ ጎትተው የሚያወጡ ሰዎችም ተሰጡት። ገመዱ የኤርምያስን ብብት እንዳይጎዳው ከቤተ መንግሥቱ ዕቃ ቤት ያረጀ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለት። ኋላ ከተማይቱ ስትወድቅ እንደማይሞት ለአቤሜሌክ ቃል ተሰጠው፤ ምክንያቱም በእግዚአብሔር መታመኑ ነው ተባለ። ስለ እምነቱ የተናገረው አንድም ነገር አልተጻፈለትም። የተጻፈለት ያ ጨርቅ ነው።

ከተማይቱ ወደቀች። ኤርምያስን ወገኖቹ ወደ ግብፅ ወሰዱት፤ ያን እርሻ አረሰው የሚል ቃል የትም የለም። ዓመታት አልፈው የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ወደ ባቢሎን የተወሰዱትን ምርኮኞች ሲለቅ፣ መጽሐፈ ዕዝራ ተመላሾቹን በየአገራቸው ቆጠራቸው። ከቤተ ልሔም 123፣ ከነጦፋ 56 ሰዎች ተመለሱ። ከዓናቶት የተመለሱት 128 ነበሩ።