ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ልጆቻችን ልብ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ስማር ቆይቼ፣ ሳልጨርስ ወደ አሜሪካ የመጣሁ የታክሲ ሹፌር ነኝ። የማንበብ ልማድ ግን አልለቀቀኝምና፣ ስለ ልጆቻችን ጤና ያገኘሁትን እንዳካፍላችሁ ኮሚቴው ዕድሉን ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችን የልብ ሕመም የሽማግሌ በሽታ ይመስለናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮች አስከሬን ተመርምሮ ውጤቱ በ1953 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ሆኖ ሳለ፣ ከ100ው በ77ቱ የልብ ደም ሥር ላይ የበሽታው ምልክት ታይቷል። በ22 ዓመት የታየው የተጀመረው በልጅነት ነው ማለት ነው። በሉዊዚያና፣ በቦጋሉሳ ከተማ ልጆችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለው ጥናትም ይህንኑ አረጋገጠ። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት፣ ከውፍረት፣ ከደም ግፊት፣ ከመጥፎ ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ ከተባለው የደም ቅባት ሦስቱ ወይም አራቱ ከፍ ብለው የተገኙባቸው ወጣቶች በልብ ደም ሥራቸው የተለጠፈው ስብ፣ ምንም ከሌለባቸው 8.5 እጥፍ ነበር።

ብግነትስ ምንድን ነው? ጣታችንን እሾህ ሲወጋን ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያቃጥላል። ሰውነት ራሱን ሲከላከል ነው፤ በጥቂት ቀን ይበርዳል። ክፉው ሳያምም ለዓመታት ውስጥ ውስጡን የሚጨሰው ነው። በሆድ አካባቢ የተከማቸ ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ብግነት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል። በዚህ የተነሣ ጉበት ሲ-ሪአክቲቭ የተባለውን ፕሮቲን ያመነጫል፤ ከመጠን በላይ በወፈሩ ጎረምሶችና ኮረዶች ደም ውስጥ ይህ ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል። የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ሲጎዳ ኮሌስትሮል ይሰርግበታል፤ ነጭ የደም ሴሎች ይከተሉታል፤ ቀስ በቀስ ይደድራል። ልጁ ግን አንዳች አይሰማውም።

ወገኖቼ፣ ኑሯችንን እናውቀዋለን። አባት ታክሲ ላይ፣ እናት ሁለት ሥራ ላይ፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ኪሱ ውስጥ ባለው ገንዘብ ሀምበርገርና ለስላሳ ይገዛል። አንድ ባለ 355 ሚሊ ሊትር የኮካ ኮላ ጣሳ 39 ግራም ስኳር አለው፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ግን በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። ልጁ ሲወፍር ደግሞ እኛ «ተመቸው» እንላለን።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። ለስላሳውን በውኃ እንተካ። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ከየቤታችን አይጥፉ፤ ቅቤውና ጨው ግን ይቀነስ። ልጆች በቀን 60 ደቂቃ ይሩጡ፣ ይጫወቱ፤ በቂ እንቅልፍ ይተኙ። ቤትም መኪናም ውስጥ ሲጋራ አይጨስ። የልጁን የደም ግፊት ከ3 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ፣ ኮሌስትሮሉን ከ9 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ፣ ከ17 እስከ 21 ባለው ደግሞ አንዴ እንዲለኩለት ሐኪሙን ጠይቁ። በቤተሰብ ውስጥ ከ55 ዓመቱ በፊት ወንድ፣ ከ65 ዓመቷ በፊት ሴት በልብ ሕመም የተጠቁ ካሉ ሳትደብቁ ንገሩት። «ምች መታው» ብለን የቀበርነው አጎት ምናልባት ልቡ ይሆናል። ልጁን ግን በውፍረቱ አትስደቡት፤ አብራችሁት ተራመዱ።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ስንት ጊዜ አዋጥተናል! ኳስና የደም ግፊት መለኪያ ከዚያ በብዙ ይረክሳሉ። ከቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት በኋላ ልጆቹ አንድ ሰዓት ኳስ ይጫወቱ፤ ነርሶች የሆኑ እኅቶቻችንም በየበዓሉ የሁላችንንም ግፊት ይለኩልን። ለኳሱ አሠልጣኝነት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።

ፈጣሪ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።