ስለ ኬሚስትሪ ትምህርት ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኬሚስትሪን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ ነው። ኬሚስትሪ ማለት ነገር ሁሉ ከምን እንደ ተሠራ፤ ከአንዱ ጠባይም ወደ ሌላው ጠባይ እንዴት እንደሚለወጥ የሚመረምር ትምህርት ነው። ብዙ ሰው ይህ ትምህርት ከባሕር ማዶ በሣጥን ታሽጎ የመጣ፤ ያለ ብርጭቆ ዕቃና ያለ ውድ መድኃኒት የማይሠራ ይመስለዋል። እኔ ግን መጀመሪያው በየቤታችን ጓዳ የሚገኝ መሆኑን ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ልናገር። ማስተማር በጀመርሁበት ዘመን ተማሪዎቼ የውሃን ምልክት «ኤች ቱ ኦ» እያሉ በቃላቸው ሲያወርዱት ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን የታጠበ ልብስ በገመድ ላይ ተሰጥቶ አይቼ፤ «ይህ ልብስ ሲደርቅ ውሃው ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በትምህርቱ የተመሰገነው ልጅ ተነሥቶ «ተከፍሎ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ይሆናል» አለኝ፤ ጓደኞቹም ልክ ነው አሉ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኔ መሆኑን ተረዳሁ፤ ምልክቱን አስጠናሁት እንጂ የውሃውን ጠባይ አላሳየሁትምና። አረቄ የምታወጣ እናት ግን ፊደል ባትቈጥርም በዚህ አትሳሳትም። ከማሰሮው የወጣው እንፋሎት በመቃው አልፎ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ እንደሚሆን ታውቃለች። ውሃም እንዲሁ ሲተን መልኩን ይለውጣል እንጂ ውሃነቱን አይተውም።

በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ አሌክስ ጆንስተን የተባሉ ሊቅ ይህን የመሰለውን ችግር መርምረው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ኬሚስትሪ ሦስት ገጽ እንዳለው ጽፈዋል። አንደኛው በዓይን የሚታየው በእጅም የሚዳሰሰው ነው። ሁለተኛው በዓይን የማይታዩት ደቃቅ ቅንጣቶች የሚሠሩት ነው። ሦስተኛው በፊደልና በቍጥር የሚጻፈው ምልክት ነው። መምህር ሦስቱን በአንድ ጊዜ ቢያፈስበት የተማሪው ልቡና ይጨነቃል። ስለዚህ ከሚታየው ተነሥቶ ወደማይታየው፤ ከዚያም ወደ ምልክቱ መሄድ ይገባል።

ለምሳሌ አሲድና ቤዝ የሚባሉትን ለማስተማር ጥቂት የእርድ ዱቄት በአረቄ በጥብጡ፤ ነጭ ወረቀትም ነክራችሁ አድርቁ። ደግሞ አመድ በውሃ ዘፍዝፋችሁ የጠለለውን ውሰዱ። ከማንጠባጠባችሁ በፊት «ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እያንዳንዱም ግምቱን ይጻፍ። የአመዱ ውሃ ጠብ ሲልበት ብጫው ወረቀት ቀይ ቡናማ ይሆናል። የሎሚ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ብጫነቱ ይመለሳል። ግምቱ የተሳሳተበት ተማሪ ያየውን በቶሎ አይረሳም። አሲድና ቤዝ የሚለውን ስም ከዚህ በኋላ ንገሩት፤ የቅንጣቶቹንም ነገር አስረዱት፤ ምልክቱን በመጨረሻ በሰሌዳ ጻፉለት።

የመጽሐፍ ቃል እንኳ ቢሆን ይፈተን። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለክቶ ያየ ተማሪ «ስለ ምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ የአየር ግፊት ትምህርትም በዚያ ጥያቄ ይጀመራል። ነገር ግን ጥንቃቄ አይጓደል። የአመድ ውሃ ዓይንን ያቃጥላል። ለሙከራ የቀረበ ነገር አይቀመስ። በረኪና ከአሲድ ጋር ከቶ አይቀላቀል፤ መርዘኛ አየር ይወጣዋልና።

ሽማግሎች ሆይ፤ ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፤ ሸክላ የምትሠራውን፤ ቆዳ የሚያለፋውን በንቀት ስም መጥራት የቆየ ልማድ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ንቀቱ ግን ከአዋጁም በኋላ ብዙ ዘመን ቈየ። ንቀት ባለበት የባለ እጅ ልጅ አባቱ የሚያውቀውን በክፍል ውስጥ ለመናገር ያፍራል። እሱ ዝም ሲል ከእሳትና ከብረት አጠገብ ያደገውን ምስክር ክፍሉ ሁሉ ያጣል። ማይክል ፋራዴይም የእንግሊዝ ቀጥቃጭ ልጅ ነበረ፤ በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ተማረ። በኋላ ታላቅ ሊቅ ሆኖ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1860 እስከ 1861 ባለው ክረምት በለንደን ለወጣቶች ስድስት ንግግር አደረገ። ያስተማራቸውም በአንዲት ሻማ ነበረ፤ ነበልባል ያለ አየር እንደማይነድ፤ ሻማውም ሲነድ ውሃ እንደሚወጣው በዓይናቸው አሳያቸው።

በየመንደራችን ያለው ቀጥቃጭ በወናፉ ሲያናፋ ፍሙ ስለ ምን እንደሚበረታ ለተማሪዎቻችን ለማሳየት ከሻማ አያንስም። እንግዲህ እናንተ ሽማግሎች ባለ እጆቹን በክብር ወደ ትምህርት ቤት ጥሯቸው። መምህሩም ሥራቸውን ለተማሪዎቹ ካሳየ በኋላ፤ በኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ልጅ ወደ ፊት ጠርቶ «የአባትህ ሥራ ኬሚስትሪ ነው፤ አንተ አስረዳን» ይበለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁም ክፍሉም በሌላ ልብ ይማራሉ።