የአባት ጡረታና የአባት አልጋ

  

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በየቤቱ ያለ፣ ነገር ግን ለመናገር የሚያሳፍር ነው። ወታደር የነበረ አባት በስተርጅናው ይተኛል። ሐኪሞች «ከእንግዲህ በቤት አስታሙት» ይላሉ። ወር በወር የምትመጣው ጡረታስ የማን ናት? ምን ላይስ ትውላለች?

ከራሴ ልጀምር። አባቴ በ1970 ዓ.ም. በካራማራ ቆስለው በጡረታ የተሰናበቱ ወታደር ነበሩ። በኋላ የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንታቸው ዘልቆ እዚሁ ሐዋሳ እኔ ቤት ተኙ። ውክልናቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጡረታቸውን ከባንክ አወጣና ከቤት ወጪ ጋር እደባልቀዋለሁ፤ «ለማን ነው የምናወጣው፣ ለእሳቸው አይደል?» እል ነበር። አንድ የጁምዓ ጠዋት በደከመ ድምፅ «ልጄ፣ ለሰደቃ የምትሆን ሃምሳ ብር ታበድረኛለህ?» አሉኝ። ማበደር! የገዛ ገንዘባቸውን! ሚንበር ላይ ስለ አማና የማስተምር ሰው፣ በዚያ ቀን ኹጥባ ማድረግ ከበደኝ።

በሸሪዓችን ሰው በሕይወት እያለ አይወረስም። ታሞ ቢተኛም ንብረቱ የእርሱ ነው፤ ወኪሉ አማና ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም። ወዶ ከሰጠ ሌላ ነገር ነው፤ አፍሮ ዝም ካለ ግን ዝምታውን ፈቃድ አናድርገው። የአገራችን የጡረታ ሕግም ቢሆን ጡረታን ለሌላ ማስተላለፍ አይፈቅድም። የአባቱን የጡረታ ደብተር ለባለ ሱቅ መያዣ የሰጠ ወንድም ካለ ዛሬውኑ ያስመልስ።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚነግሩን፣ በዚያ ለቀድሞ ወታደሮች የቆመው መሥሪያ ቤት በሽታው መዳኛ ላጣ ሰው የሚደረገውን እንክብካቤ፣ ሆስፒስ የሚሉትን፣ በጤና ጥቅሙ ውስጥ አካቶታል። በእኛ አገር ጡረታው ከአንድ ቦታ፣ ሕክምናው ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሽተኞችን ቤት ለቤት እየሄደ ያስታምማል። በአብዛኛው ከተማ ግን ሆስፒሱ የእኛው ጓዳ ነው፤ ጡረታውንና አልጋውን የሚያገናኘውም ልጅ ነው። ለዘመቻ ፈቃድ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ጠይቀው፣ ትግሉ እነርሱን ማገልገል እንዲሆን መልሰውታል።

ከዚያች ጁምዓ በኋላ ለአባቴ የተለየ ደብተር አወጣሁ። ጡረታቸው መጀመሪያ ለመድኃኒት፣ ቀጥሎ ለወፍራም ስፖንጅ ፍራሽና ለዳይፐር፣ ከተረፈም እናቴ ሌሊት እንድትተኛ ለምታግዝ ሴት ሆነ። ለሰደቃቸውም ትንሽ ትራሳቸው ሥር አኖር ነበር።

ስለ ሕመሙም ልናገር። ብዙዎቻችን ሞርፊን ሲባል «የሚያሰክር ነው» እንላለን፤ «ሕመም ወንጀል ያብሳል» ብለን ሰውየው ሲያቃስት የምናይም አለን። ትዕግሥት የታማሚው ነው፤ የእኛ ድርሻ ማስታገስ ነው። ሐኪም ለከባድ ሕመም ያዘዘውን መውሰድ በችግር ጊዜ የተፈቀደ ነው። አንዲት ነርስ እንዳስረዳችን፣ በአፍ የሚወሰደው ሞርፊን ሕመሙ እስኪነሳ ሳይጠበቅ በታዘዘለት ሰዓት ይሰጣል፤ ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። መጠኑን በራሳችን አንጨምርም፣ አንቀንስም። አባቴ ሕመሙ ሲታገስላቸው በተያሙም፣ በምልክትም ቢሆን ሰላታቸውን በሰላም መስገድ ጀመሩ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ባለ ጡረታው ሲሞት ሕጉ ለሚስት የጡረታውን 50 በመቶ ይሰጣል፤ ጤነኛ የሆንን ጎልማሳ ልጆች ምንም የለንም። ስለዚህ የእናታችን ቀሪ ዘመን በአንድ የጋብቻ ማስረጃ ላይ ተንጠልጥሏል። የስንቶቻችን ወላጆች ኒካሕ በሽማግሌ ፊት ታስሮ ያለ ወረቀት ቀርቷል! የእናቴም እንዲሁ ነበር። አባቴ አንደበታቸው ሳይያዝ፣ ምስክሮቹም በሕይወት ሳሉ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስረጃ አወጣንላት። ከአንድ በላይ ሚስት ያለው አባት ደግሞ የሁሉንም ያስመዝግብ፤ አንዷን መደበቅ ሐቋን መብላት ነው።

አባቴ በረመዷን አረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው። ውክልና በሞት ይቋረጣል፤ በኪሴ የነበረው ወረቀት በዚያው ሰዓት ዋጋ አጣ። በሚቀጥለው ወር ጡረታው እንደ ልማዱ ሒሳባቸው ውስጥ ገብቶ አገኘነው። ታናሽ ወንድሜ «አውጥተን ሰደቃ እናድርግላቸው» አለ። እናቴ ከሁላችን ቀድማ፣ «የመንግሥት ገንዘብ ሰደቃ ይሆናል እንዴ?» አለችው። በማግስቱ የሞት ማስረጃውን ይዘን ወደ ማኅበራዊ ዋስትናው ቢሮ ሄድን።