92ን 100 ብሎ መጻፍ
የቤተ ሙከራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአዲስ አበባ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ውሃ ሲያፈላ ይታሰብ። የታዘዘው ሥራ ቀላል ነው፤ ቴርሞሜትሩን ከሚፈላው ውሃ ውስጥ አስገብቶ የሚያየውን ቁጥር በደብተሩ ላይ ማስፈር ብቻ ነው። ውሃው እየተንተከተከ ሳለ ቴርሞሜትሩ ከ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቆምና ከዚያ አልወጣም ይላል። ተማሪው መጽሐፉን ይገልጣል፤ መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ወደ ጎረቤቱ ያያል፤ ጎረቤቱም 100 ብሎ ጽፏል። ጥቂት ካመነታ በኋላ እርሱም 100 ብሎ ይጽፋል። ዘገባው ታርሞ ሲመለስለት ሙሉ ማርክ አግኝቷል።

እንግዲህ መነሣት የሚገባው ጥያቄ፣ ይህ ተማሪ በዚያች ሰዓት ምን ተማረ የሚለው ነው። የተማረው ዓይኑ ካየው ይልቅ የታተመው እንደሚበልጥ ነው። ቤተ ሙከራ የተሠራው ግን ይህን ለማስተማር አልነበረም።

ቴርሞሜትሩ አልተሳሳተም። መጽሐፉም አልተሳሳተም፤ 100 ዲግሪ ያለው በባሕር ወለል ላይ ላለው የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፣ በእርሷ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ስለሆነ፣ ግፊቱ ባነሰበት ቦታ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። በደጋ አገር ንፍሮ ለመቀቀል ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ያ ተማሪ በእጁ የያዘው ስሕተት ሳይሆን ስለሚኖርበት አገር የሚናገር እውነት ነበር። 92ን ሰርዞ 100 ሲጽፍ የጣለውም ይህንኑ እውነት ነው።

ተማሪ በገዛ እጁ እየሠራ ኬሚስትሪን እንዲማር በማድረግ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው። ሊቢግ በ1824 እ.ኤ.አ. ገና በ21 ዓመቱ በጊሰን ዩኒቨርሲቲ ተሹሞ ማስተማር ጀመረ። በዚያ ዘመን የብዙው ተማሪ ዕድል፣ ፕሮፌሰሩ ሙከራውን ሲያሳይ ከወንበሩ ሆኖ መመልከት ነበር። ሊቢግ በ1831 እ.ኤ.አ. አምስት እንክብሎች ያሉትን የብርጭቆ መሣሪያ ሲሠራ፣ በአንድ ነገር ውስጥ ያለውን የካርቦን መጠን መለካት ማንኛውም የሠለጠነ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ተግባር ሆነ።

ከሊቢግ ተማሪዎች አንዱ የነበረው አውጉስት ሆፍማን ይህንኑ አሠራር በ1845 እ.ኤ.አ. ወደ ለንደን ይዞ ሄደ። በእርሱ ሥር የተማረው ዊልያም ፐርኪን በ1856 እ.ኤ.አ. የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ለወባ መድኃኒት የሚሆን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ያገኘው ጥቁር አተላ ብቻ ነበር። አተላውን ደፍቶ የተሳካ ለማስመሰል አልሞከረም፤ በአልኮል ሲያጥበው ሐምራዊ ቀለም ወጣው። በፋብሪካ የሚመረተው የቀለም ኢንዱስትሪ የተነሣው ከዚያ አተላ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር ግድ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በጅረቱ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ከዕድገቱ አንዱን ክፍል የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ነው። ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ቢያስጨምሩባቸው እነዚያም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በቤተ ሙከራ ለዓመታት ተመረመረ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ አገሩ ሁሉ ለዘመናት ያውቅ ነበር፤ በወንዙ ዳር የተጨመረው ያዩትን ነገር ሳይንቁ የሚመዘግብና የሚፈትን ልማድ ነው።

ይህ ልማድ እንዳይተከል የሚያግዱ ችግሮች መኖራቸው አይካድም። ክፍሉ ይሞላል፤ ኬሚካል ያልቃል፤ አንድ ቡሬት ለአምስት ተማሪ ይደርስና አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሦስቱ ይመለከታሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮቪድ ወረርሽኝ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ በብዙ አገር መጠጊያ የሆነው የኮምፒዩተር አስመሳይ ሙከራም ጠቃሚ ነው፤ ለአደገኛ ሥራ መለማመጃ ይሆናል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው ሰው የሞላበትን ነው፤ ከፍታን ያልነገሩት እንደሆነ በአዲስ አበባም ውሃውን በ100 ዲግሪ ያፈላዋል።

ሆኖም ዋናው ጉድለት የዕቃ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከድስትና ከቴርሞሜትር በቀር ምንም በማይጠይቀው ሙከራ ላይ ሐሰት ባልተጻፈ ነበር። ጉድለቱ ያለው በአስተራረሙ ነው። ማርክ የሚሰጠው ለመጽሐፉ ቁጥር ቅርበት ከሆነ፣ ተማሪ ሁሉ መጽሐፉን ይገለብጣል። ማርኩ ለታማኝ መዝገብና ለልዩነቱ ምክንያት ፍለጋ ቢሰጥ ግን ልዩነቱ ራሱ ትምህርት ይሆናል። ደብተሩ በእስክርብቶ ይጻፍ፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ። በቡድን ሲሠራም ቡሬቱ በየተራ በእያንዳንዱ እጅ ይለፍ። አንዱን ሙከራ የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ሠርተው ውጤቱን ቢለዋወጡ፣ ባሕር ዳር 94፣ ድሬዳዋ 96 ገደማ አግኝተው ሲጽፉ የአዲስ አበባው ተማሪ በ92 ማፈሩን ይተዋል። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ በእጁ ያልዳሰሰውን ሳይንስ ሊወድ የሚችል ተማሪ ጥቂት ነው።

ይህ ጉዳይ በማርክ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ያ ተማሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የከተማውን የመጠጥ ውሃ የሚመረምር፣ የመድኃኒትን ጥራት አይቶ የሚፈርም ባለሙያ ይሆናል። አንድ ቀን መሣሪያው ከሚጠበቀው የተለየ ቁጥር ያሳየዋል፤ አለቃውም የሚጠበቀውን ቁጥር በችኮላ ይፈልጋል። በዚያች ሰዓት የሚጽፈውን የሚወስነው፣ በመጀመሪያ ዓመት በዚያ የፈላ ውሃ ፊት የለመደው ነገር ነው። ስለዚህ የመምህሩ ቀይ እስክርብቶ ከ92 አጠገብ ሲደርስ ከመሰረዙ በፊት አንዲት ቃል ይጻፍ፤ ቃሏም «ለምን?» ናት።