የአውቶቡስ ሰው ቴክኖሎጂ ቤት ሲገባ

 

በዚህ የምረቃ ቀን ስለ ትራንስፖርትና ቴክኖሎጂ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ ወላጆችም ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣችኋል፤ ስለዚህ አጠብበዋለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በከተማ አውቶቡስ ስምሪት ክፍል ነው። ጡረታዬ ሲቃረብ ወደ አንድ የትራንስፖርት ቴክኖሎጂ ኩባንያ ገባሁ። ይህን የሰሙ የሥራ ባልደረቦቼ ግማሾቹ «ብር አይተህ ነው» አሉኝ። ደመወዙ መሻሉን አልክድም፤ ልጆች ያስተማረ ሰው ይረዳኛል። ግማሾቹ ደግሞ «እነዚያ ልጆች መሐል ገብተህ ምን ልትሠራ ነው?» አሉ። መልስ የሚገባው ይሄኛው ነው። ከእናንተ ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ቤት ትቀጠራላችሁና፣ እንደ እኔ ያለ ሽበታም ከጎናችሁ ሲቀመጥ ምን እንደሚፈይድ ከወዲሁ ብታውቁ አይከፋም።

ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ወደ ቴክኖሎጂ ቤት ከሄዱት መካከል ደጋግሜ የማስበው አሜሪካዊውን ጄይ ዋልደርን ነው። በኒው ዮርክ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ውስጥ በፋይናንስ ሥራ አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ሄዶ የከተማዋን ትራንስፖርት ፋይናንስና ዕቅድ መራ፤ በኋላም የኒው ዮርኩ መሥሪያ ቤት ሊቀመንበር፣ ቀጥሎ የሆንግ ኮንግ ሜትሮ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። ስሙ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ላይ ያዋለችው ኦይስተር የተባለው የጉዞ ካርድ ነው።

ካርድ ምን ያስደንቃል ትሉ ይሆናል። ስምሪት ክፍል የተቀመጠ ሰው ግን ስሌቱ ይገባዋል። በአንድ ፌርማታ 40 ሰው ቢሳፈርና እያንዳንዱ ሳንቲም ቆጥሮ መልስ እስኪቀበል 5 ሰከንድ ቢፈጅ፣ አውቶቡሱ 200 ሰከንድ ቆመ ማለት ነው። በመስመሩ ላይ እንዲህ ያለ ፌርማታ 9 ቢኖር ግማሽ ሰዓት ሄደ። ያ ግማሽ ሰዓት ማታ በስምሪት መዝገብ ላይ የጎደለ ምልልስ ሆኖ ይመጣል፤ የጎደለው ምልልስ ደግሞ በአዲስ አበባ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ላይ የረዘመ ሰልፍ ይሆናል። ካርዱ አንድም አውቶቡስ ሳይገዛ አውቶቡስ ይጨምራል። ለንደን በአውቶቡሶቿ ላይ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ያቆመችው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2014፣ ካርዱ በመጣ በ11 ዓመቱ። አዲሱ መንገድ እስኪለመድ ድረስ አሮጌው ክፍት ነበር። እኛ ዘንድ አዲስ ሥርዓት በተመረቀ ማግስት አሮጌው መስኮት ሲዘጋና ሕዝቡ በሁለቱ መሐል ቆሞ ሲቀር ስላየሁ፣ ይህ ትዕግሥት ከካርዱ ይልቅ ያስቀናኛል።

ዋልደር በዚያው በ2014 የኒው ዮርክን የጋራ ብስክሌት አገልግሎት፣ ሲቲ ባይክን፣ የሚያንቀሳቅሰውን ኩባንያ መምራት ጀመረ። አገልግሎቱ ከተጀመረ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሆኖታል፤ ሕዝቡ ወዶታል፤ ሶፍትዌሩ ግን ይሰናከላል፣ ብስክሌቱም ይሰበራል። ብስክሌቶቹ ታደሱ፣ ሶፍትዌሩም ተተካ። ሞቲቬት የተባለውን ይህን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሊፍት የተባለው የመኪና መጥሪያ ኩባንያ ገዛው። ብስክሌትና ሶፍትዌር ማደስ የጋራዥ ሰው ሥራ ነው፤ በጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ አይወጣም። እኔ ግን ከሰውዬው ታሪክ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

ቀጥሎ የሄደበት ቤት ግን ሌላ ነው። በዚያው በ2018 የቨርጂን ሃይፐርሉፕ ዋን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። ሃይፐርሉፕ አየሩ በተመጠጠ ቱቦ ውስጥ በማግኔት ተንሳፍፎ የሚሮጥ ተሽከርካሪ ነው፤ ከአውሮፕላን ጋር የሚወዳደር ፍጥነት ነበር የታሰበለት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2020 ሁለት የኩባንያው ሠራተኞች በኔቫዳ በረሃ ተሳፍረው 500 ሜትር በሆነች መሞከሪያ መስመር ላይ በሰዓት 172 ኪሎ ሜትር ተጓዙ። ዋልደር ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ኃላፊነቱን አስረከበ። በ2022 ኩባንያው መንገደኛውን ትቶ ወደ ጭነት ዞረ፣ ከ100 በላይ ሠራተኞቹንም አሰናበተ፤ በ2023 መጨረሻ ጭራሽ ተዘጋ።

በዚህ የሚስቁ አሉ። እኔ አልስቅም፤ የሞከረ ሰው አይሳቅበትም። ነገር ግን አንድ የስምሪት ሠራተኛ እዚያ ቱቦ ፊት ቢቆም ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። በሰዓት ስንት ሰው ያነሳል? መሐል መንገድ ላይ ቢቆም መንገደኛውን በየት በኩል ታወጡታላችሁ? ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መለዋወጫውን የሚያመጣው ማን ነው? ኦይስተር ከሥሩ በሳምንት ሰባቱንም ቀን የሚንቀሳቀሱ አውቶቡሶችና ባቡሮች ነበሩለት፤ ስለዚህ ቴክኖሎጂው የሚያርፍበት ወለል አገኘ። በበረሃው ቱቦ ሥር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የዋልደርን ያህል ልምድ ያለው ሰው ከላይ ቢቀመጥ እንኳ ልምዱ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ቀጥሎ የማነሳላችሁ ሴት ከመሥሪያ ቤቷ ሳትወጣ ነው ቴክኖሎጂውን ወደ በሯ የጠራችው። ቢቢያና ማክሂው ትባላለች፤ በፖርትላንድ፣ ኦሪጎን፣ ትራይሜት በተባለው የከተማ ትራንስፖርት ድርጅት ትሠራ ነበር። በማታውቀው ከተማ በመኪና መሄጃው በቀላሉ ሲገኝ የአውቶቡሱ መንገድ የማይገኝበት ምክንያት አልገባትም። ጎግልን አነጋገረች፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኩባንያው መሐንዲስ ከክሪስ ሃረልሰን ጋር የፌርማታ፣ የመስመርና የሰዓት መረጃ የሚጻፍበትን ቀላል ቅርጽ አወጡ። ዛሬ በመላው ዓለም ስልካችሁ ላይ «ቀጣዩ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይመጣል» የሚላችሁ አብዛኛው ነገር በዚያ ቅርጽ የተጻፈ ነው። ውበቱ ተራ የጽሑፍ ፋይል መሆኑ ላይ ነው፤ የእኛ ስምሪት ክፍል ጸሐፊ ከፍታ ልታርመው ትችላለች። በዚሁ ቅርጽ ናይሮቢ ላይ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ማታቱ እየተሳፈሩ መስመሮቹን መዘገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ካርታው ወጣ። ማታቱ እንደ እኛ ሚኒባስ ሲሞላ የሚነሳ ስለሆነ ቅርጹን ለእሱ ማለዘብ ግድ ሆነባቸው።

ወደ ቤታችን ልምጣ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድና 41 ባቡሮች ነበሩት። ዓመታት ሲያልፉ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። በሌላ በኩል ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ኩባንያ ራይድ የተባለውን የመኪና መጥሪያ አፕ ሲያስለምድ፣ ኢንተርኔት የሌለው ሰው 8294 ደውሎ መኪና እንዲጠራ አደረገ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስበው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

እኔ በገባሁበት ቤት ልጆቹ ብርቱ ናቸው፤ ካርታቸው ያምራል። የመጀመሪያው ሥራዬ ሰዓት ማረም ሆነ። አፑ 7፡30 ይላል፤ አያት ሰፈር የቆመችው እናት ግን የምትጠብቀው አንድ ሰዓት ተኩልን ነው። ገና ስድስት ሰዓት የምትጠብቅ መሰላት። ቀጥሎ ስለ ዝናብ ጠየቅኳቸው፦ በሐምሌ ሰኞ ጠዋት የተሳፋሪው ቁጥር ምን ይመስላል? ለብቻው አልተለየም ነበር። የጥምቀት ቀን ጃን ሜዳ አካባቢ መንገድ ሲዘጋስ? መስመሩ ካርታው ላይ ክፍት ነው። ወያላው መሐል መንገድ ላይ «መጨረሻ!» ብሎ ሰው ሲያወርድስ? ለዚህ እስካሁን መልስ አላገኘንም፤ ተራ አስከባሪዎቹን ሳናስገባ የምናገኘውም አይመስለኝም። ልጆቹ ያላቸው፣ እኔ የሌለኝ ነገርም አለ፤ በወረቀት አንድ ወር የሚፈጅብኝን የመስመር ስሌት በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል። ስንጨቃጨቅ ነው የምንውለው፤ ከጭቅጭቁ ግን አልፎ አልፎ ደህና ነገር ይወጣል።

ከእናንተ መካከል ወደ እኛ ለቃለ መጠይቅ የሚመጣ ቢኖር ጥያቄዬን ዛሬውኑ እነግራችኋለሁ፤ መኮረጅ ተፈቅዷል። ዛሬ ወደዚህ ግቢ በምን መጣችሁ? ሰልፉ ላይ ስንት ደቂቃ ቆማችሁ? ስንት ከፈላችሁ፣ ታሪፉስ ስንት ነበር? «ወራጅ አለ» ብላችሁ ስትጮኹ ሾፌሩ የት አቆመ? እናቶችና አባቶችንም እግረ መንገዳችሁን ጠይቁልኝ፤ አብዛኞቹ ከእናንተ ቀድመው ነው የተነሡት።